አጥሩ ያወራ የነበረበት ዓመት

ካርቱም ባሕሪ ውስጥ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ፣ አንድ ወጣት ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ስልክ ይጠግናል። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ የሰበረችውን ስልክ ይዤለት ሄድኩ። «ያ ሐጃ፣ አረፍ በይ» ብሎ በርጩማ ገፋልኝ። መካ ሄጄ አላውቅም፤ ማተቤም አንገቴ ላይ ነው። ግን በዚህ አገር ሽበት ያላት ሁሉ ሐጃ ናትና መከራከሩን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ልጁ ሊበይድ የጋለውን ብረት እስታኞው ላይ አሳረፈ። ቀጭን ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ሙጫና የጋለ ሽቦ ሸተተኝ።

«ያ ሐጃ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ።

ደህና ነበርኩ፤ ጃንጥላው ሥር ግን አልነበርኩም። ጋሽ ደምሴ ቆርቆሮ ቤት ደፍ ላይ፣ በአሥር ዓመቴ፣ አንዲት ባዶ የወተት ጣሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር።

ሕይወቴን ሁሉ ለመተረክ ትዕግሥቱ የለኝም። የዚያን ዓመት ነገር ግን፣ ከሙቀቱ ማብቂያ ብርዱ እስኪገባ ያለውን፣ ልናገር።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ለአምስተኛ ስንሄድ የመኖሪያ ወረቀት አምጡ ተባልን። ወረቀት አልነበረንም። ኸላስ፣ በዚያው ቀረ። ከዚያም በኋላ አልተመለስኩም፤ ይህን ስናገር አላፍርም፤ ይፈር ወረቀት የጠየቀው።

እናቴ ሻይ ትሸጥ ነበር። ካርቱም ውስጥ ጎዳና ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ሲት ሻይ ትባላለች። ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ብርጭቆ፣ ስኳርና ቅመም የያዙ ጣሳዎች፣ ለደንበኛ የሚሆኑ አጫጭር በርጩማዎች፤ ሱቋ ይኸው ነው። እማዬና ሦስት ሌሎች ሐበሾች የሚቀመጡት ባሕሪ ፋብሪካዎች ሰፈር፣ በመጋዘኖቹ ረጅም የብረት አጥር ሥር ነበር። ኒም ዛፎቹ ጥላ ይሰጡ ስለነበር ሴቶቹ ጀርባቸውን አጥሩ ላይ አሳርፈው ይውላሉ። አጥሩ ጫፍ ላይ፣ መኪና ከዋናው መንገድ ወደኛ የሚታጠፍበት ጥግ፣ የጋሽ ደምሴ የሬዲዮ መጠገኛ ቆርቆሮ ቤት ነበረች። እኔም ጎዳና ለጎዳና እንዳልዞር እዚያ እንድውል ተፈረደብኝ።

ጋሽ ደምሴ አገር ቤት የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ሰው ነበር። ሥራው ቃላትን በሞርስ መላክና መቀበል ነበር። ደርግን ሽሽት መጥቶ የሰው ሬዲዮ ሲጠግን ይውላል፤ ጣቱ ግን አላረፈም። ሲያስብ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ሻይ ሲጠብቅ ብርጭቆውን ይመታል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«እያወራሁ።»

«ከማን ጋር?»

«አሁን? ከማንም ጋር። ድሮ ግን ከአሥመራ ጋር።»

አስተምረኝ አልኩት። ጣሳውንና አንድ ትልቅ ሚስማር ሰጠኝ። በሬዲዮ ቢሆን ነጥቡ አጭር ድምፅ ነው፣ ሰረዙ ረጅም ድምፅ ነው። ጣሳ ግን ረጅም ድምፅ የለውም። ስለዚህ ለኔ ሲል ዘዴ ፈጠረ። «ነጥቡን ትመቺዋለሽ፤ ሰረዙን ትፍቂዋለሽ» አለኝ። ምት ለነጥብ፣ ፍቀት ለሰረዝ። እስከ ዛሬ ሚስማር ብረት ላይ ሲፋቅ ሌላው ሰው ጥርሱን ይይዛል፤ እኔ ጆሮዬን አቀናለሁ።

የኛን ፊደል እንዲያ አድርጎ መላክ ቀላል አልነበረም። «የፈረንጅ ፊደል መንደር ነው» ይል ነበር፤ «የኛ ከተማ ነው። ለያንዳንዱ ምልክት ብሰጠው እጅሽ ይወልቃል።» እሱ ያወጣው መላ ይህ ነበር፤ መጀመሪያ ቤተሰቡን ትጠሪያለሽ፣ ቀጥሎ ስንተኛው ልጅ እንደሆነ ትመቻለሽ። የ«በ» ቤተሰብ ሁለተኛ ልጅ «ቡ» ነው፤ ሦስተኛው «ቢ» ነው። የበኩር ልጅ ምት አያስፈልገውም፤ የቤተሰቡ ስም ይበቃዋል።

ስሜን ልልክ ሞከርኩ። ትርንጎ። ሦስቱ ፊደሎች ስድስተኛ ልጆች ናቸው፣ የመጨረሻው ደግሞ ሰባተኛ። መታሁ፣ መታሁ፣ መታሁ።

«ይሄ የሰው ስም ነው ወይስ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ?» አለ ጋሽ ደምሴ። «ከበደ የሚባል ሰው እኮ ሦስቴ ጠርቶ ቁጭ ይላል።»

«ለምን?»

«ሦስቱም በኩር ናቸዋ።»

«ስድስተኛው ልጅ ምን አጠፋ?» አልኩት። አኩርፌ ጣሳውን መለስኩለት። እውነቴን ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ወደ ኋላ የተወለደ ሰው ለምን ብዙ እንደሚለፋ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ጋሽ ደምሴ ስቆብኝ ወደ ሥራው ዞረ። በሳምንቱ ግን፣ ያገኘውን አማርኛ ሁሉ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ሳይቀር፣ ሲቆጥር ሰንብቶ ኖሮ ጠራኝ።

«ነይ አንቺ ጠበቃ። ከሁሉም የሚበዛው ስድስተኛው ነው። አብዝቶ የሚመላለሰውን ነው አብዝቼ ያስለፋሁት። ከዛሬ ጀምሮ ስድስተኛው ያለ ምት ይለፍ፤ በኩሩ አንድ ምት ይምታ።»

አዋቂ ሰው በልጅ ክርክር ሐሳቡን ሲለውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባለጌ ያደረገኝም ያ ነው ትል ነበር እማዬ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቃል ስተረጉም እውል ነበር። ዳቦ፣ ውሃ፣ ግመል፣ እማዬ ተቆጣች። ረጅሙን ማሳጠር የሥራው ግማሽ ነው። «ቃል ስንቅ ነው፤ መንገዱ ሲረዝም የማትበይውን ጥለሽ ትሄጃለሽ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር በልቤ አምን ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ብረት የራሱ ቋንቋ እንዳለውና ጋሽ ደምሴ ያንን እንደተማረ አስብ ነበር። በትክክል ከመታሁት፣ ብረቱን የነካ ሰው ሁሉ፣ ዐረቡም ሐበሻውም፣ ይገባዋል ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ሀቡብ መጣ። ሰማዩ እንደ በርበሬ ቀልቶ አሸዋው ጎዳናውን ዋጠው። ሴቶቹ ምድጃቸውን በጣሳ ደፍነው ነጠላቸውን ተከናነቡ። እኔ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። አሸዋው ብረቱን ሲመታው፣ ሲፍቀው፣ ሲመታው፣ አንድ ሰው በጣም ቸኩሎ እየላከ መሰለኝ። «ጠ» ያዝኩ፤ «ር» ያዝኩ፤ ሌላው አመለጠኝ። ጋሽ ደምሴ ጎትቶ ሲያስገባኝ አፌ በአሸዋ ተሞልቶ «ቀስ ብሎ ይላክ በለው» እያልኩ አለቅስ ነበር ይባላል።

ከሀቡቡ በኋላ ግን አጥሩ ድምፅ እንደሚያስተላልፍ ዐወቅን። ጋሽ ደምሴ ጥጉ ላይ ሆኖ በሚስማሩ ሲፍቅ፣ እማዬ ከርቀት ዘልላ ተነሣች።

«በስመ አብ! ጀርባዬ ላይ ጉንዳን ወጣ!»

«ጉንዳን አይደለም፤ እሱ ነው፤ ሻይ አምጡ እያለ ነው» አልኳት።

«በአፉ አይልም? ምላሱን ሸጦ ነው የመጣው?» አለች እትዬ ጥሩወርቅ። እትዬ ጥሩወርቅ ከእማዬ ቀጥላ የምትቀመጠው ጎረቤታችን ናት፤ ምላሷ እንደ ዝንጅብሏ ያቃጥል ነበር። ወዲያው ግን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ቆይ እስቲ፣ ዘነቡ» አለች እማዬን። «ሻይ ከሚያዝበት ከሻ ሲመጣ አይነግረንም?»

ከሻ ማለት አፈሳ ነው። የአስከሪ፣ ማለትም የፖሊስ፣ መኪና ሳይታሰብ መጥቶ ፈቃድ የሌላትን ሲት ሻይ ከነዕቃዋ ይጭናል። ሴትዮዋን ማታ ወይም በነጋታው ይለቋታል፤ ዕቃዋ ግን አይመለስም። ማንቆርቆሪያና ምድጃ የሌላት ሲት ሻይ ደግሞ ባዶ እጇን ጎዳና ላይ የተቀመጠች ሴት ናት። እኛም እማዬ ያን ዕለት ካልሸጠች ያን ዕለት አንበላም ነበር። መሸሸጊያ አልጠፋም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የወፍጮ ቤት ግቢ በሩ ክፍት ነበር። የጠፋው ጊዜ ነው። መኪናው ከታጠፈ በኋላ የጋለ ምድጃ አንጠልጥሎ መሮጥ አይቻልም።

ያን ማታ ግቢያችን ውስጥ ቃል መረጣ ተቀመጥን።

«ትርንጎ ‹ፖሊስ መጣ ተነሱ› ትበለን» አለች እማዬ።

«ያን መትታ እስክትጨርስ እኛ ጣቢያ ደርሰናል» አለ ጋሽ ደምሴ።

«ተነሱ ብቻ ይበቃል።»

«ያጥራል፤ ግን ምት አለበት።»

ሚስማሬን መሬት ላይ እየሞካከርኩ ነበር። «ብን» አልኩ። «ብን በሉ። ሁለቱም ስድስተኛ ልጆች ናቸው፤ ምንም ምት አይፈልጉም።»

ጋሽ ደምሴ ሚስማሩን ተቀብሎ መታ። ፍቀትና ሦስት ምት፤ ቆም፤ ፍቀትና ምት። «ብን» አለ። «በሠራዊት ሳለሁ እንዲህ ያለ ቃል ቢኖረን ስንቱ በዳነ።»

ሴቶቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ እንደ እስክስታ ምት በጀርባቸው ያዙት። እኔም ጥጉ ላይ ዘብ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ከሻ ሲመጣ አጥሩን መታሁ። አራቱም ብድግ አሉ። እማዬ ምድጃ በግራ፣ ማንቆርቆሪያ በቀኝ፤ እትዬ ጥሩወርቅ በርጩማዎቿን እንደ ዶሮ በክንዷ ሥር አጭቃ፤ ሁለቱ ተከትለው። መኪናው ሲደርስ ኒም ዛፍ ብቻ ቆሞ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ዱቄት ለብሰው ሲወጡ እንደዚያ ሲስቁ ከዚያ በፊት አላየኋቸውም።

አጥሩ ግን እዚያ አያልቅም። ወደ ውስጥ ይታጠፍና፣ ከእጥፉ ማዶ፣ አንዲት ደቡባዊት ሲት ሻይ፣ አቾል የምትባል የዲንካ ሴት፣ ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር። ረጅም ናት፤ ተቀምጣ እንኳ እኔን ታክላለች። ከመጋዘን ዘበኞቹ በቀር ደንበኛ አልነበራትም። እኔን ግን «ያ ቢቲ» እያለች፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ ለውዝ ታፍስልኝ ነበር። ልጆቿ ሩቅ እንደሆኑ ነግራኛለች፤ ሩቅ ሲባል ከድልድዩ ማዶ ያለው ጀብራ ሰፈር ይመስለኝ ነበር።

መኪናው አራቱን ያጣ ዕለት እጥፉን ዞሮ አቾልን ጫነ።

እንዴት እንዳልተነሣች አልገባኝም። በደንብ ያልመታሁ መሰለኝ። በሁለተኛው ጊዜ ብረቱ እስኪጮህ መታሁ፤ አሁንም እሷን ጫኑ። እንግዲህ የአቾል ጀርባ ጆሮው ደንቆሮ ነው አልኩ። በሦስተኛው ጊዜ መዳፌ ደማ፤ አቾልን ጫኑ። በነጋታው ስትመለስ ማንቆርቆሪያ አልነበራትም። የዘይት ቆርቆሮ ላይ ሽቦ አስራ ውሃ ታፈላ ነበር።

«ሲት አቾል፣ ብረቱን አልሰማሽውም?» አልኳት በዐረብኛ።

«ሰማሁት እንጂ። ሁልጊዜ ትጫወቺ የለ።»

ያን ጊዜ ነው ብረት ቋንቋ እንደሌለው የገባኝ። ብረት የሚናገረው ለተነገረው ሰው ብቻ ነው። እየሮጥኩ ሄድኩ።

«እማዬ! ለአቾል መንገር ረስተናል!»

እማዬ ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች። እትዬ ጥሩወርቅ ናት የመለሰችልኝ።

«አልረሳንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ባዶውን የሚመለስ መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁላችንም ብን ካልን ወርደው ቤት ለቤት ያስሳሉ። ወፍጮ ቤቱን አገኙ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የት ልትደብቂን ነው፣ ጣሳሽ ውስጥ?»

«አቾልን ካገኙ ግን…»

«ካገኙ ይበቃቸዋል። ሂጂ አሁን።»

«እሷ አማርኛ አታውቅም ትሉ ይሆናል» አልኩ። «እናንተስ መች ፊደል ቆጠራችሁ? ምት ነው! እሷም ጀርባ አላት!»

እማዬ በጥፊ መታችኝ። ጠንካራ አልነበረም። ዐይኗን ግን አላነሣችም፤ ከጥፊው ይልቅ ያ አመመኝ።

ሄጄ ሚስማሩን ጋሽ ደምሴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ለአቾል የማይመታ ከሆነ ለማንም አልመታም አልኩት።

ከፊቱ የተከፈተውን ሬዲዮ መበየዱን አላቋረጠም። «የሬዲዮ ሰው የተሰጠውን ይልካል። ማን ይቀበል፣ ማን አይቀበል፣ የሚወስነው ሌላ ነው። እኔ እንዲያ ነው የተማርኩት።»

«ጥሩ አድርገው አላስተማሩህም።»

እስታኞው እየጨሰ እጁ ላይ ቀረ። አልተቆጣኝም። «ብዙ የላክኋቸው ነገሮች አሉ» አለ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ለኔ ሳይሆን።

በነጋታው ማንንም ሳላማክር ሄጄ ለአቾል ሁሉንም ነገርኳት። ምቱን፣ ቃሉን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ እትዬ ጥሩወርቅ ያለችውን። እያዳመጠችኝ አንዲቱን ብርጭቆ ደጋግማ አጠበች። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብርጭቆዋን ደፍታ ተነሣች፤ እጄን ያዘች፤ እጥፉን ዞረን ሴቶቹ ፊት ቆምን። ጥላዋ ሁሉንም ሸፈናቸው። በእማዬ የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ሦስቱ የኔ ነበሩ» አለች በዐረብኛ። «አራተኛው የማነው?»

እማዬ ከሥራ ጋር የምትታገል መስላ ከሰሉን ታራግባለች።

«ስሚ፣ አቾል» አለች እትዬ ጥሩወርቅ፤ ምላሷ ያን ቀን ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር። «ክፋት አይደለም። አንድ ሰው ካላገኙ አይመለሱም።»

«እውነትሽን ነው፤ አንድ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ የማነው አልኩ እንጂ የለም አላልኩም።»

አንዱ ደንበኛ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ፊታቸውን አይቶ ተመለሰ። ኋላ እማዬ ማራገቢያዋን አስቀመጠች።

«ዕቁብ ነው እንግዲህ» አለች በአማርኛ።

«ምን?» አለች ጥሩወርቅ።

«በየተራ። ዕጣ የወጣላት ትቀመጣለች፤ ሌሎቹ ይሄዳሉ።»

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ሰው ዕቁብ የሚገባው ሊያገኝ ነው እንጂ ሊያጣ ማን ይገባል?»

«ሳትጠየቅ የገባች አለች። ሦስት ጊዜ ደርሷታል።»

እማዬ ለአቾል ልታስረዳት ዐረብኛው ጠፋት። እኔ ልተረጉም አፌን ስከፍት አቾል ቀደመችኝ። «ሰንዱቅ!» አለች። የሱዳን ሴቶችም ዕቁብ አላቸው፤ ሰንዱቅ ይሉታል። «ሰንዱቅ፤ ግን የተገለበጠ።» ሳቀች። ጥርሷ እንደዚያ ነጭ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሁሉም አንዳንድ ነገር አዋጣ። አንዷ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ፣ አንዷ እግሩ የተሰበረ ምድጃ፣ እትዬ ጥሩወርቅ የተበጠሰ በርጩማ፣ አቾል የዘይት ቆርቆሮዋን፣ እማዬ የተሸረፉ ብርጭቆዎች። ጋሽ ደምሴ ቀዳዳውን ማንቆርቆሪያ በእስታኞ ደፈነው፤ «ለሚወረስ ዕቃ ብዙ ደከምኩ» እያለ። ዕጣ የወጣላት ከሻ እስኪመጣ ድረስ የራሷን ዕቃ ቤት ትታ ያንን ይዛ ትውላለች። የሚወሰደው የሁሉም ይሆናል፤ የምትጫነው ግን አንዷ ናት። ለሱ መላ አላገኘንም።

ዕጣውን ልጅ ታውጣ ተባለ፤ ልጅ አያዳላም ብለው። እያንዳንዳቸው ከቅመም ጣሳቸው አንድ ነገር አወጡ። እማዬ ቅርንፉድ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ደረቅ ዝንጅብል፣ አቾል ሄል፣ ሁለቱ ቀረፋና ከርከዴ። አንድ ጣሳ ውስጥ ከተው በጨርቅ ሸፈኑት፤ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ እጄን ሰደድኩ።

ምት ሲቆጥር የከረመ ጣት ዐይን አያስፈልገውም፤ ይህን ማንም አላሰበበትም። መጀመሪያ የነካኝ ቀጭን፣ ጭንቅላቱ ሻካራ ነበር። ቅርንፉድ። ዐወቅሁት። ከጎኑ ዝንጅብሉ ነበር፤ ሸካራና ጠማማ። ትንሽ ገፋ ባደርግ እትዬ ጥሩወርቅን አወጣት ነበር፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እጄ ፈልጎ ነበር። የሚያውቅብኝም አልነበረም። አቾል ግን ከፊቴ ተቀምጣ ትተነፍስ ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

የያዝኩትን ይዤ ወጣሁ።

«ዘነቡ» አለች እትዬ ጥሩወርቅ። ቀጥላ እኔን በክርኗ ወጋ አደረገችኝ። «ይኸው፣ ፍርድ ዐዋቂዋ!»

«ደግመን እናውጣ» ልል ነበር። እማዬ አየችኝ። «ወጥቷል» አለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። ብርዱ ገብቶ ጧት ጧት አጥሩ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሚስማሩን አነሣለሁ። ተሸፍኖ የሚያልፈው የሽንኩርት መኪና ሁሉ ከሻ ይመስለኛል። እማዬ በተደፈነው ማንቆርቆሪያ ሻይ ታፈላለች፤ ደንበኞቿ ሻይሽ እስታኞ እስታኞ አለ ብለው ያሾፉባታል። ስለ ዕጣው አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ማታ ማታ ግን ጠጉሬን ስትሠራኝ ከበፊቱ ጠበቅ ታደርገው ነበር።

ቀትር ላይ መጣ። አረንጓዴው መኪና ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ሁለት አስከሪዎች ኋላው ላይ ቆመው ነበር። ሚስማሩን አነሣሁ። እጄ ብረቱ ጋ ደርሶ ቆመ።

ልጅ ነበርኩ፤ ግን ሒሳቡ ይገባኝ ነበር። ካልመታሁ ሁሉም ይያዛሉ፤ እማዬ ብቻዋን አትሆንም። ብመታ ሁሉም ይሄዳሉ፤ እማዬ ትቀራለች። ብቻዋን እንድትቀር የምፈርድባት በገዛ እጄ ነበር። ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አልነካኝም። ሚስማሩን ሊወስድልኝም እጁን አልዘረጋም።

ፍቀት፤ ሦስት ምት። ቆም። ፍቀት፤ ምት።

እትዬ ጥሩወርቅ ተነሣች። ሁለቱ ተነሡ። ከእጥፉ ማዶ አቾል ብቅ አለች፤ በነዚያ ቀናት የገዛችውን አዲስ ማንቆርቆሪያ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሰጎን በረጃጅም እግሮቿ መንገዱን በጥቂት እርምጃ አቋርጣ ወፍጮ ቤት ገባች። ጎዳናው ባዶ ሆነ። እማዬ ብቻ ጀርባዋን አጥሩ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከሰሉን አራገበች።

መኪናው ቆመ። ወጣቱ አስከሪ ወርዶ ዙሪያውን ተመለከተ። «ሌሎቹ የት አሉ፣ ያ ሐበሺያ?»

«የሉም። ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

አልገባውም። ዕቃውን ጭነው እሷንም አወጧት። መኪናው እኛ ጥግ ላይ ሲያልፍ ከፍ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ ወደኔ አልዞረችም። ብትዞር አስከሪው ያየኝ ነበር፤ ያን ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም። የተቆጣችኝ መሰለኝ። ሴቶቹ ከወፍጮ ቤት ሲወጡ ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። አቾል መጥታ እማዬ ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ እኔን ጉልበቷ መካከል አስገብታ ለእማዬ ደንበኞች ሻይ ስትቀዳ ዋለች።

እማዬ የተመለሰችው ፀሐይ ስትገባ ነው። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ጫማዋ አቧራ ብቻ ነበር። ሮጬ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ፤ ላቅፋት ፈራሁ።

«እማዬ፣ ምቱ ደርሶሽ ነበር?»

እጇን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈች፤ ከብዶ ነበር።

«ደርሶኛል» አለች። «ጀርባዬ ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»